የአሸናፊው ቁስል

እንዳትስቁብን እንጂ፥ ይህ ጽሑፍ የተጀመረው በጨዋታ ነው።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፥ ፈተና አልቆ ግማሹ ተማሪ ወደየአገሩ ሲበተን፥ የቀረነው አምስት ልጆች በአንድ የመኝታ ክፍል ተሰብስበን ነበር። ሁለት አልጋ አጋጥመን፥ መሐል ላይ የሻንጣ ክዳን ዘርግተን፥ ለአንዳችን ከውጭ አገር ዘመድ የላከለትን ዳይስና አንድ የሕግ መጽሐፍ ይዘን ሌሊቱን አጋመስነው። ጨዋታው የሚና ጨዋታ ይባላል። ላልተጫወተው በአጭሩ እንግለጸው፦ አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ሰው ሆነው ይናገራሉ። አጫዋቹ «በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ ሰው ያለቅሳል» ይላል። ተጫዋቹ «አንኳኳለሁ» ይላል። ተረት ነው ቢባል ስሕተት የለበትም፤ ግን ማንም ለብቻው የማይተርከው ተረት ነው። ሁለት ሰዎች ሲጋጩ፥ «መታሁህ»፥ «አልመታኸኝም» እየተባባሉ እንዳያድሩ፥ ዳይስ ይጣልና ሕጉ ይፈርዳል።

ነገራችን እዚህች ላይ ነው። ሕጉ ሲፈርድ የሚያየው ምንድን ነው? ማን እንዳሸነፈ ብቻ ነው ወይስ ያሸነፈው ምን እንደ ከፈለም ጭምር?

ይህን ለመጻፍ ስንነሣ አንድ ጓደኛችን «ታዲያ ይህ ከሥነ ጽሑፍ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎን ነበር። መልሳችን ይህ ነው። ተረት የሚናገር ሰው ቁስሉን ሊዘለው ይችላል፤ ጀግናው ገደለ፥ አገባ፥ ነገሠ ብሎ ያበቃል። ሕግ የሚጽፍ ሰው ግን የሚቆጥረውንና የማይቆጥረውን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ያልቆጠረው ነገር በጨዋታው ዓለም ውስጥ የለም ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የጨዋታ ሕግ ስለ ሰው ልጅ ጠብ ምን እንደሚያስብ ሳይወድ በግድ ይናገራል።

፪

ጦርነትን በጠረጴዛ ላይ መጫወት የቆየ ነገር ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ1824 ራይስቪትስ የተባለው የፕሩሲያ መኮንን አባቱ የጀመረውን አሻሽሎ ያወጣው የጦርነት ጨዋታ፥ መኮንኖች በካርታ ላይ የሚሠለጥኑበት ነበር። ዳይስ ይጣልና ስንት ሰው እንደ ጎደለ ከሠንጠረዥ ይነበባል። እዚያ አንዲቱ ቁራጭ የአንድ ጦር ክፍል ምልክት ናት። ከክፍሉ ሃያ ሰው ቢያልቅ አዛዡ የሚያየው 20 የሚል ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ ለሥራው ይበቃዋል።

በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አሜሪካ ውስጥ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ ሲያወጡ ግን ትልቅ ለውጥ መጣ። ቁራጯ ጦር መሆኗ ቀረና አንድ ሰው ሆነች። ስም አላት፤ እናት አላት፤ የምትፈራው ነገር አለ። ሂሳቡ ግን እንዳለ ተከትሏት መጣ። ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት ነጥብ ተሰጠው። አርነሰን በኋላ እንደ ተናገረው ሐሳቡን ያገኘው ከባሕር ኃይል ጨዋታ ነው፤ መርከብ ስንት ምት ችላ እንደምትሰጥም ከሚቆጥር ሕግ። ተጫዋቾች የለመዱት ሰው በአንድ ምት እየሞተ አስቸግሯቸው ስለ ነበር የመርከቡ ሕግ ለሰው ተሰጠ።

እስቲ አሠራሩን እንየው። አንድ ጀግና 30 ነጥብ አለው እንበል። ሰይፍ አረፈበትና 8 ተነሣበት፤ 22 ቀረው። እንደገና 8፤ 14 ቀረው። እንደገና 8፤ 6 ቀረው። ከዚያ 5 ተነሣበት፤ 1 ቀረው። ይህ 1 ነጥብ የቀረው ሰው ይሮጣል፥ አጥር ይዘላል፥ ሰይፉንም የሚያነሣው ልክ 30 በነበረው ጊዜ እንደሚያነሣው ነው። አያነክስም። እጁ አይንቀጠቀጥም። አጠገቡ የቆመው ጓደኛውም ምንም አይታየውም። ከዚያ አንዲት ነጥብ ስትነሣበት ዘፍ ይላል። በ2014 በወጣው አምስተኛው እትም ደግሞ፥ ሰውየው ሳይሞት ካመለጠና ስምንት ሰዓት ካረፈ፥ ነጥቡ በሙሉ ይመለስለታል። ማታ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ጧት ተነሥቶ ቁርሱን ይበላል፤ በቃ።

ጋይጋክስ ይህ ነገር አልታየውም ማለት አይደለም። በ1979 ባወጣው የአጫዋቾች መመሪያ ላይ ነጥቡ የሥጋ ብቻ ሳይሆን የልምድም፥ የዕድልም፥ የአምላክ ጥበቃም ድምር እንደ ሆነ አስረድቷል። መልሱ ያስኬዳል። ጀግናው አራት ጊዜ አልተወጋም፤ አራት ጊዜ ለጥቂት አመለጠ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ መልስ የኛን ጥያቄ ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። የሚያልቀው ዕድል ከሆነ፥ የሚያልቀው ትዕግሥት ከሆነ፥ ሲያልቅ ማን ያየዋል?

ሌሎች ጸሐፊዎች ቁስሉ እንዲታይ ሞክረዋል። በ1978 የወጣው «ሩንክዌስት» ነጥቡን በየአካሉ አከፋፈለው፤ እግሩ የተመታ በእግሩ አይቆምም፥ ክንዱ የተመታ ጋሻውን ይጥላል። አንዳንዶቹ ደግሞ እያንዳንዱ ቁስል የሰውየውን ኃይል እንዲቀንስ አደረጉ። እውነት ይመስላል፤ ሆኖም ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። መጀመሪያ የተመታ ይደክማል፤ ስለ ደከመ ዳግመኛ ይመታል፤ ዳግመኛ ስለ ተመታ ይወድቃል። ጠቡ በመጀመሪያው ምት ያልቃል፤ የቀረው የዳይስ ድካም ነው። እነዚህ ሁሉ ሕጎች ቁስልን ከተሸናፊው ጋር ያቆራኙታል። ቁስል ማለት የመሸነፍ መንገድ ነው። ያሸነፈው ሰው ስለ ቁስሉ የሚጠይቀው የለም።

፫

ያን ሌሊት የተጫወትነው ጨዋታ ከዚህ ይለያል። ቪንሰንት ቤከር የተባለ አሜሪካዊ በ2004 ያወጣው ነው፤ ስሙ «ዶግስ ኢን ዘ ቪንያርድ»፥ የወይኑ ቦታ ውሾች፥ ይባላል። ታሪኩ የአሜሪካን ምዕራብ በመሰለ፥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በታሰበ ምድር ነው። ተጫዋቾቹ ሽጉጥ የታጠቁ ወጣት ፈራጆች ናቸው፤ የሃይማኖታቸው ማኅበር ከከተማ ወደ ከተማ ይልካቸዋል፤ የተጣላውን ያስታርቃሉ፥ ያጠፋውን ይቀጣሉ። ዕድሜያቸው የኛ ነው። ሥልጣናቸው ግን የሽማግሌ ነው። ጨዋታው የሚያስፈራውም በዚህ ነው።

ሕጉ እንዲህ ይሄዳል። ጠብ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ይመታል?» ተብሎ አይደለም፤ «የተጣላችሁት በምን ነገር ነው?» ተብሎ ነው። ነገሩ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይነገራል። ከዚያ ሁለቱም ዳይሳቸውን ጥለው ቁጥሩን ፊት ለፊት ያስቀምጣሉ። አንዱ ሁለት ዳይስ ወደፊት ይገፋል፤ 6 እና 5 ቢሆን 11 ነው። ሌላው ያንን 11 በራሱ ዳይስ መክፈል አለበት። በሁለት ዳይስ ከከፈለ መከተ ማለት ነው። 4፥ 4 እና 3 አድርጎ በሦስት ከከፈለ ግን ምቱ አርፎበታል፤ ሦስት የመዘዝ ዳይስ ከጎኑ ይቀመጥለታል። መዘዙ አሁን አይጣልም። ጠቡ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

የመዘዙ ዳይስ ዓይነት እንደ ምቱ ዓይነት ነው። በቃል ከሆነ ባለ 4 ፊት፥ በግፊያና በመሳሰለው ከሆነ ባለ 6፥ በዱላና በስለት ከሆነ ባለ 8፥ በጥይት ከሆነ ባለ 10። ጠቡ ሲያበቃ ሁሉም የየራሱን ይጥልና ትልልቆቹ ሁለቱ ይደመራሉ። 7 እና ከዚያ በታች ቶሎ የሚያልፍ ነው። ከ8 ጀምሮ ሰውየውን የሚለውጥ፥ የሚከርም ነገር ነው። ከ12 ጀምሮ ሐኪም ሊያስፈልግ ይችላል። ከ16 ጀምሮ ካልታከመ ይሞታል። 20 ሞት ነው። አንባቢ ራሱ ያስላው፤ ሁለት ባለ 4 ፊት ዳይስ ተደምሮ ከ8 አያልፍም። ቃል ሰውን ይለውጣል እንጂ አይገድልም። 20 ላይ የሚያደርስ ጥይት ብቻ ነው።

የሕጉ ጥበብ ግን ሁለት ነገር ላይ ነው። የመጀመሪያው፥ መዘዝ ሲጣል ማን እንዳሸነፈ አይጠየቅም። ያሸነፈውም የተሸነፈውም ምቱ ያረፈበትን ያህል ይጥላል። ሁለተኛው፥ በቃል እየተሸነፈ ያለ ሰው ሁልጊዜ መውጫ አለው፤ እጁን ካነሣ አዲስ ዳይስ ያገኛል፥ ሽጉጡን ከመዘዘ ደግሞ ሌላ አዲስ ዳይስ ያገኛል። ወይም «በቃኝ፥ ያልከው ይሁን» ብሎ ሊያቆም ይችላል። በየተራው ሕጉ በጆሮው የሚያንሾካሹክለት አንድ ጥያቄ ነው፦ ለዚህ ነገር እስከ ምን ድረስ ትሄዳለህ?

ያን ሌሊት ነገሩ ውኃ ነበር። አንድ ሽማግሌ የመስኖውን ቦይ ዘግተው የታችኛው ሰፈር ሰብል ደርቋል። ጓደኛችን ወጣቱን ፈራጅ ሆኖ «አባቴ፥ ውኃው የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ይልቀቁት» አላቸው። አጫዋቹ በሽማግሌው አፍ ተናገረ። ቦዩን ከልጆቻቸው ጋር የቆፈሩት እሳቸው እንደ ሆኑ፥ ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያይ እንደ ነበር፥ አንዱ ልጃቸው በዚያ ቁፋሮ አፈር ተንዶበት እንደ ሞተ ተናገረ። 11 ገፋ። ጓደኛችን በሦስት ዳይስ ከፈለ። ንግግሩ ነክቶታል። ዳይሱ እያለቀበት ሲሄድ ፊቱ ቀላ፤ «እኔ ፈራጅ ነኝ፤ ሽጉጤን አወጣሁ» አለ። ማናችንም አልከለከልነውም፤ እንዲያውም አንዳችን «በለው!» ሳንል አልቀረንም። ተኮሰ። አሸነፈ። ውኃው ወረደ።

ከዚያ መዘዙ ተጣለ። የሽማግሌው 9፥ 8 እና 3 ወጣ፤ ትልልቆቹ 17 ሆኑ። በአቅራቢያው ሐኪም የለም። የጓደኛችን ባለ 4 ፊት ዳይስ 4፥ 2 እና 1 ወጣ፤ 6 ሆነ፤ ቀላል ነው። ሆኖም በዚህ ጨዋታ ከመዘዝ ዳይስ ውስጥ 1 የወጣለት ሰው አንድ ነገር ተምሯል ይባላል፤ የተማረውንም በወረቀቱ ላይ ይጽፋል። ሂሳቡን ሠርተነዋል፤ ሦስት ባለ 4 ፊት ዳይስ ሲጣል ቢያንስ አንድ 1 የመውጣት ዕድሉ ከመቶ 58 ያህል ነው። በሦስት ባለ 10 ፊት ዳይስ ግን ከመቶ 27 ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ሰው ከቃል ቁስል የሚማረው ከጥይት ቁስል ከሚማረው ከእጥፍ በላይ ነው ማለት ነው።

ጓደኛችን እርሳሱን ይዞ ዝም አለ። ሽማግሌው የተናገሩት ነገር አስተምሮታል። ትምህርቱ የደረሰው ግን ከተኮሰ በኋላ ነው። ትንሽ ቆይቶ «ሰው ሲናገር እሰማለሁ» ብሎ ጻፈ። ማንም አልሳቀም።

፬

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። አባቶቻችን ይህን ሲሉ የወጋው ሰው መርሳቱን እንደ ተፈጥሮ ነገር አድርገው ነው። እኛም ያን ሌሊት ዝም ያልነው በጨዋታው ሽማግሌ ምክንያት ብቻ አልነበረም። ሦስታችን አንድ የረሳነው ነገር ስለ ነበር ነው።

ባለፈው ዓመት በሥነ ጽሑፍ ክበባችን ውስጥ በአንድ አባል አጭር ልብወለድ ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ልብወለዱ ረዥም ነው፤ ግማሹ ይቆረጥ የሚል ወገንና እንዳለ ይውጣ የሚል ወገን ተፈጠረ። እኛ ይቆረጥ ከሚሉት ነበርን። ክርክሩ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። መጀመሪያ ስለ ጽሑፉ ነበር፤ ኋላ ስለ ጸሐፊው ሆነ። አንዳችን፥ ማን እንደ ሆነ እናውቃለን፥ «ይህ ልጅ የሚጽፈው የሚነግረው ነገር ስላለው ሳይሆን ዝም ማለት ስለማይችል ነው» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ድምፅ ተሰጠ፤ 9 ለ 3 አሸነፍን።

ልጁ «እሺ» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት መጣ፤ ቀልድ ቀለደ። በሚቀጥለውም መጣ። ከዚያ ቀረ። ወሩ ሲያልቅ ነው መቅረቱን እንኳ ያስተዋልነው። በኋላ ምሳ ሰልፍ ላይ አግኝተነው «ወንድሜ፥ ምን እየጻፍክ ነው?» ብንለው «ተውኩት እኮ» አለን። በቁጣ አይደለም። ሰው ሲጋራ ተውኩ እንደሚለው ነው ያለው።

እንግዲህ አንድ ነጥብ የቀረው ሰው ማለት ይህ ነው። ያን ዕለት ስንት ነጥብ እንደ ነበረው አናውቅም ነበር፤ አልጠየቅንምም። ቆሞ ስለ ታየን ሙሉ መሰለን። ይቀልድ ስለ ነበር ያልተነካ መሰለን። የስብሰባችን ሕግ የሚቆጥረው ድምፅ ብቻ ነበር፤ 9 እና 3። የመርከቡን ሕግ ለሰው የሰጠው አርነሰን ብቻ አይደለም። እኛም በየስብሰባው እንደዚያው እናደርጋለን።

አንድ ነገር ግን እንዳይሳሳትብን። ዛሬም ልብወለዱ ረዝሟል እንላለን። ትክክል አልነበርንም ብለን ንስሐ ለመግባት አይደለም ይህን የምንጽፈው። ያ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለን ነበር። ችግሩ ትክክል ሆነን፥ አሸንፈን፥ አንድ ጸሐፊ ማጣታችን ነው።

፭

«ዋጋው የከበደ ድል» ሲባል ሁሉም የሚጠቅሰው የኤጲሩስን ንጉሥ ፒሩስን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ279 በአስኩሉም ሮማውያንን ድል አድርጎ፥ ያለቀበትን ጦር አይቶ፥ እንዲህ ያለ ድል ከተደገመለት እንደሚጠፋ ተናገረ ይባላል። ብልህ ንግግር ነው። ግን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ፒሩስ የቆጠረው የራሱን ሙታን ነው። የሮማውያን ሙታን በሱ መዝገብ ላይ ትርፍ ናቸው። ርካሽ ድል ቢሆንለት ምንም ባልከፋው ነበር። ስለዚህ የፒሩስ ጥያቄ የነጋዴ ጥያቄ ነው፤ የኅሊና ጥያቄ ገና አልተጀመረም።

በኛ ግምት የአንድ ድል ዋጋ በሦስት መዝገብ መጻፍ አለበት። አንደኛው ያሸነፈው ያጣው ነው። ሁለተኛው የተሸነፈው ያጣው ነው። ሦስተኛው በነገሩ ያልነበረበት፥ ግን አጠገቡ የቆመው ሰው ያጣው ነው። ያን ሌሊት በጨዋታው ውስጥ ውኃው የደረሰላቸው ጎረቤቶች አንድም ዳይስ አልጣሉም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚጠጡት የሽማግሌው ደም ያለበትን ውኃ ነው። በክበባችንም ከሣቁት መሐል ሁለት አዲስ የገቡ ልጆች እስከ ዛሬ ጽሑፋቸውን አውጥተው አላነበቡም። ፒሩስ አንደኛውን መዝገብ ብቻ ያውቃል። የቤከር ሕግ ሁለተኛውን ጨመረ። ሦስተኛው የሚጻፈው ተጫዋቹ ራሱ ዞር ብሎ ካየ ነው።

ሌሎችም በዚህ መንገድ የሄዱ አሉ። ሉክ ክሬን በ2008 ያወጣው «ማውስ ጋርድ» የተባለው ጨዋታ ክርክርም ሆነ ውጊያ ሲጀመር ለየወገኑ ቁጥር ይሰጣል። አንዱ ወገን ዜሮ ሲደርስ ሌላው አሸነፈ። ሆኖም ያሸነፈው ቁጥሩ ከጎደለበት ለተሸነፈው ዕዳ አለበት፤ ትንሽ ከጎደለ ትንሽ፥ ብዙ ከጎደለ ብዙ ነገር ይለቅለታል። በ2013 የወጣው «ፌት ኮር» ደግሞ ዳይስ ከመጣሉ በፊት «በቃኝ» ማለትን ያከብራል። በቃኝ ያለ ሰው የተጣላበትን ነገር ያጣል፤ እንዴት እንደሚወጣ ግን የመናገር መብት አለው። ተጎትቶ ከሚወጣ በእግሩ ይወጣል።

ለኛም ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። የድሮውን የአገራችንን ሰንጠረዥ አጨዋወት የመዘገቡ ሰዎች እንደሚነግሩን፥ መርታት ብቻውን አይበቃም ነበር፤ በምን ረታህ ይባላል። ንጉሡን በፈረስ መርታት ብዙም አያስመሰግንም፤ በእግረኛ የረታ ግን ከሁሉ በላይ ይደነቅ ነበር። ሁለቱም አሸንፈዋል፤ ድሉ ግን አንድ አይደለም። የገና ጨዋታም እንዲሁ ነው፤ በዱላ የተመታ እግር ስንት ነው፥ ግን ጌታም ቢሆን ቂም አይዝም፤ ሁሉም ገና ሲገባ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ያውቃልና።

፮

ሁለት ተቃውሞ ተነሥቶብናል። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ዋጋ ዋጋ የምትሉ ከሆነ ሰው ሁሉ ፈሪ ይሆናል። መዋጋት የሚገባው ነገር አለ። ቦዩን የዘጋውን ሰው ሁሉ መዘዝ ይመጣል እያላችሁ ልትተዉት ነው?» ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። የታችኛው ሰፈር ልጆች እኮ ተርበዋል። ዝም ማለትም መዘዝ አለው፤ መዘዙን የሚጥለው ግን ዝም ያለው ሰው አይደለም። እኛ የምንለው አትዋጉ አይደለም። የቤከር ሕግ ሽጉጡን ከፈራጁ ወገብ አልፈታም፤ ሲመዘው ምን እንደሚመዝ እንዲያውቅ ብቻ አደረገ። ዋጋውን አውቆ የሚዋጋና ሳያውቅ የሚዋጋ አንድ ዓይነት ምት ሊመቱ ይችላሉ። ደፋር የምንለው ግን የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው ነጥቡ በስምንት ሰዓት እንቅልፍ እንደሚመለስ የሚያምን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፦ «ቁስልን በዳይስ መቁጠር ቁስልን ማቃለል ነው፤ የሰው ሐዘን 17 አይባልም።» እውነት ነው፥ አይባልም። ሽማግሌው 17 አይደሉም። ነገር ግን ያን ሌሊት 17 የሚለው ቁጥር ባይወጣ ኖሮ ውኃው ወረደ ብለን አጨብጭበን ወደሚቀጥለው ከተማ እንሄድ ነበር። ቁጥሩ ሐዘን አይሆንም፤ ዞር በሉ ብሎ ትከሻችንን መታን እንጂ። ለክበባችንም የጎደለው ይህ ነበር። ድምፁ ተቆጥሮ ሁሉም ወንበሩን ሲያነሣ፥ «አንድ ጊዜ ቆዩ፤ መዘዝ አልተጣለም» የሚል ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ሐሳባችን ትንሽ ናት። በክበባችን ክርክር ሲነሣ መጀመሪያ የተጣላንበት ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገር፤ ከጽሑፉ ወደ ጸሐፊው የዞረ ሰው ሽጉጥ እንደ መዘዘ ይቆጠር፥ ይነገረውም። ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ያሸነፈው ወገን ከመነሣቱ በፊት ምን እንደሚለቅ ይጠየቅ። የሰበሰብነው ድምፅ 9 ከሆነ፥ የ3ቱ ሰዎች ዕዳ አለብን ማለት ነው። ልብወለዱ ግማሹ ይቆረጥ ብለን ካሸነፍን፥ የቱ ግማሽ እንደሚቆረጥ ጸሐፊው ይምረጥ ብንል ምን ይጎድልብን ነበር? ያኔ ማንም አላሰበውም። እናንተ ከዚህ የተሻለ ካላችሁ ጻፉልን፤ ለመሸነፍ ዝግጁ ነን።

ይህን ጽሑፍ ወደ ማባዣው ከመስጠታችን በፊት ይዘንለት ሄድን። ለማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ቆሞ አነበበው። «ስሜን እንዳትጽፉ» አለን፤ አልጻፍንም። ይቅርታ ልንጠይቀው አስበን ነበር፤ ከሦስታችን ማን ይጀምር ሲባል ሁላችንም መሬት መሬት ማየት ጀመርን። በመጨረሻ ያ የተናገረው ልጅ ራሱ ጀመረ፤ ምን እንዳለ እዚህ አይጻፍም። እሱ መልስ አልሰጠም። ወረቀቱን መልሶ ሊሰጠን ሲል ግን ሐሳቡን ለወጠ፤ እስክሪብቶ ለመነን፥ ሁለተኛው ገጽ ላይ የተሳሳተች አንዲት ፊደል አረመ፤ ከዚያ «ስድስተኛው ክፍል ረዝሟል» አለን።

አልቆረጥነውም። ግን የቱን እንደሚቆርጥ እሱ ይንገረን ብለን ቀጠሮ ይዘናል።